አልጸዳም ብለው ጻፉብኝ

ሐሙስ 6

በደሉኝ። ሐኪሙ ዛሬ በስሜ ላይ «አልጸዳም» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተምም አደረገበት።

አርባ ሁለት ዓመት የሰው ቧንቧ ሳጸዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሆቴል፣ የትምህርት ቤት፣ የወህኒ ቤት ቆሻሻ በእጄ አልፏል። ዛሬ ከተኛሁበት አልጋ ሥር የሚያልፈውን የፍሳሽ መስመር እንኳ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ይህ ሐኪም ጡት አልጣለም። ተዘግቶ ያልከፈትኩት መስመር የለም። እና እኔን ነው አልጸዳም የሚለው።

ከማደንዘዣው ስነቃ ነርሷ ራስጌዬ ቆማለች። «አባባ፣ አልተሳካም። በደንብ አልታጠቡም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግ ምን ነበረበት? የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የተኛው ሰውዬ ሲስቅ ሰማሁት።

ካሜራ ያለውን ቱቦ አስገብተው የመጨረሻው ጫፍ ሳይደርሱ አውጥተውታል። ምንም አላየንም አሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና ታጥበህ ተመለስ ተባልኩ።

ልጄ፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ሥራውን አስፈቅዶ ነው የመጣው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አባዬ፣ እንደተጻፈው አላደረግክም እንዴ?» አለኝ።

እኔን!

አርብ 7

ያደረግኩትን በሙሉ እዚህ አሰፍራለሁ። ነገ ማንም ተነስቶ እንዳይቀባጥርብኝ።

የሰጡኝ ዱቄት ነው። አራት ፓኬት፤ እያንዳንዱ በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ላዩ ላይ የሎሚ ጣዕም ያለው ይላል። ይህን ዱቄት ሎሚ በሩቁም አላየው። ጨው የበዛበት የሳሙና እጣቢ ነው። ወረቀቱ ሁለቱን ሊትር በዋዜማው ማታ ጠጣ፣ ሁለቱን ደግሞ በምርመራው ቀን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተህ ጠጣ ይላል።

ይህን የጻፈ ሰው በሕይወቱ መስመር አጥቦ አያውቅም። መስመር በሁለት ጊዜ አይታጠብም። ግፊቱን ትሰበስባለህ፣ ባንዴ ትለቀዋለህ፣ ጠርጎ ይወጣል። በግማሽ ግፊት ከለቀቅክ ቆሻሻውን ከአንዱ ማጠፊያ ወደ ሌላው ማጠፊያ ማዛወር ብቻ ነው የምታተርፈው። ስለዚህ አራቱንም ሊትር ረቡዕ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ጠጣሁት። ጠብታ አላስተረፍኩም። የዛሬ ጎረምሳ ቢሆን በሁለተኛው ሊትር እናቱን ይጠራ ነበር። ከዚያ አዲስ መስመር እንደምንፈትሸው በነጭ ባልዲ ፈተሽኩ። ጠርቷል። መስመሩ ተፈተሸ፣ ተዘጋ። ተኛሁ።

ምግቡንም ልጻፍ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥራጥሬ፣ ጥሬ አትክልት፣ ልጣጭ፣ ፍሬው የማይወጣ ነገር አትብላ ይላል። አልበላሁም። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል። የበሽተኛ ቀለብ። ማክሰኞ ከሰዓት ከጓሮው ዛፍ ላይ ሁለት ዘይቱን ቀጠፍኩ፤ ሦስትም ይሆናል። ዘይቱን በወረቀቱ ላይ በስሙ አልተጠቀሰም። በስሙ ያልተጠቀሰ ነገር አልተከለከለም። ይህ የሥራ ውል የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ቅዳሜ 8

ጢሜን ልላጭ ሄጄ ነበር። ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ከማለዳ እስከ ማታ አይዘጋም።

«ጋሼ፣ ሰምቼ አዘንኩ» አለኝ ገና ፎጣውን አንገቴ ላይ ሳያስር።

«ምን ሰማህ?»

«ያው… አንጀቱ እንቢ አለ አሉ። እኔን ቢያማክሩኝ እኮ የጉሎ ዘይት ነበር። አንድ ብርጭቆ! አጎቴ በሱ ታጥቦ አንጀቱ እንደ መስታወት ነው የታየው።»

«አጎትህ የት ነው ያለው?»

«አርፏል።»

«በል ላጭ» አልኩት።

ወረፋ የሚጠብቁት ዝም አሉ? የለም። አንዱ ሰናመኪ አለ። አንዱ የለም፣ ከታች በውሃ መታጠብ ነው ደጉ አለ። ሦስተኛው የሚስቱ ወንድም በሐብሐብ ብቻ እንደጸዳ ማለ። ፊቴ በአረፋ ተሸፍኖ በአንጀቴ ላይ ሸንጎ ተቀመጡ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው እውነት ነው፤ ዛሬ አራት ባዶ ጭንቅላት ቆጠርኩ።

ወሬውን ያወጣችው ምራቴ ትሆናለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሬዲዮ ሚስት ቀሚስ እየሰፋች ነው። ልኬት ሲወስዱ አፍ ሥራ ይፈታል።

እሑድ 9

ምሳ ላይ ልጄ ነገሩን አነሳው። ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶ «አንጀታቸው ግድግዳ ላይ ትናንሽ ፍሬዎች ተለጥፈው አገኘን» ብሎታል።

«ፍሬ ከየት መጣ አባዬ?»

እሱም ምራቴም አዩኝ። አንድ ሰው በገዛ ገበታው ላይ እንደ ሌባ ሲታይ ምን ይላል? «የበላሁት የተሰጠኝን ነው» አልኩ። «ዳቦው ላይ ሰሊጥ ነበር።»

ምራቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «አባዬ፣ ዳቦው ነጭ ነበር። ለዚሁ ብዬ እታችኛው ዳቦ ቤት ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ልብ አላልሽም ማለት ነው» አላት ልጄ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አባቴ ከየት አመጣው?»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አስቀምጣ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ የልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅ መጣ። ስትናደድ በጣም ታፈጥነዋለች፤ እንደ ዝናብ ነው የሚመታው።

ሰሊጥ ያለበት ዳቦ ቤታችን ገብቶ ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ገብቷል። ውሸት አይደለም።

ደግሞስ ነገሩን ሁሉ የጀመረችው ማን ሆነና? የውስጥ ልብሴን ስታጥብ ደም አየሁ ብላ ለልጄ የነገረችው እሷ ናት። ዝም ብትል ኖሮ ወረቀትም የለ፣ ሎሚም የለ፣ ፍሬም የለ።

ሰኞ 10

ዛሬም አለ። ትንሽ ነው። ቀይ።

ኪንታሮት ነው። ወፍራሙ የሕክምና መጽሐፌ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ ደማቅ ቀይ ከሆነ ኪንታሮት። ያንን መጽሐፍ ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ያነበብኩት ግን ይገባኛል።

ረቡዕ 12

ለልጄ እናትም ያንኑ ገጽ ነበር ያነበብኩላት።

አርብ 14

ምራቴ እክፍሌ መግባት ትታለች። ምግቡን ከደጅ ታስቀምጥና በሩን አንድ ጊዜ ኳ አድርጋ ትሄዳለች። ሙቅ ነው፤ ጨውም አልጎደለውም። በዚህ በኩል አልወቅሳትም።

ክፍሌንና ክፍላቸውን የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው። የሠራው ግንበኛ ሌባ ነበር፤ ያኔም ነግሬዋለሁ። ማታ ልጄ ሲናገር ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ስህተት የማንም ነው። ተሳሳትኩ በይና ይለቅ።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ አባቴ ዋሸ ነው የምትይው? አባቴ ክፉ ይሆናል። ድርቅ ያለ ነው። አይዋሽም ግን። በሕይወቴ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።»

«እሺ» አለች።

እሺ ብቻ። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናዋም ዝም አለ።

ልጄ ደግ ተናግሯል። ስሜን ጠብቋል። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ፍራሹ መጥፎ ነው።

ማክሰኞ 18

ሬዲዮ ዛሬ መንገድ ላይ ይዞኝ ሌላ ዘዴ ነገረኝ። አራት ሊትር ድሮ ቀርቷል አለ። አሁን ትንሽ ጠርሙስ አለ፣ የጨው ውህድ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጎንጨት ካደረጉት በቃ። እግረ መንገዴን መድኃኒት ቤት ገባሁ። ለምክሩ ብዬ አይደለም።

ባለመድኃኒቷ ልጅ እግር ናት። የታዘዘልኝን አራት ሊትር ዱቄት ነግሬ ጠርሙሱን ጠየቅኳት። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ምን አገባሽ?»

«እንዲህ ከሆነ አልሸጥልዎትም።»

«ሰባ አራት።»

«አሁንም አልሸጥልዎትም። ይሄ የሰውነትን ውሃ ስቦ ነው የሚያጥበው፤ በእርስዎ ዕድሜ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም ያዘዘልዎት ዱቄት ብዙ የሚሆነው እኮ ለክፋት አይደለም። ገብቶ እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ከሰውነትዎ አይወስድም፣ አይጨምርም።»

«የጉሎ ዘይትስ?»

«እሱን ለበር ማጠፊያ ያድርጉት።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ወር ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ሥራውን የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

ሐሙስ 20

ለሁለተኛው ምርመራ ምክር አለ ተብሎ ተጠራሁ። ልጄ ጠዋት መንገድ ስለነበረው ምራቴ ናት አብራኝ የሄደችው። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ጃንጥላውን ግን ወደ እኔ አዘንብላ ስለያዘች ግራ ትከሻዋ ረጠበ። አልጠየቅኳትም።

መጠበቂያው ክፍል ወንዶች ሞልተውታል። ሲያዩዋቸው የተከበሩ ናቸው፤ ሲናገሩ ጉድ ነው። አንዱ ባለ ከረባት «እኔ አሥራ ስድስት ጊዜ ነው የተመላለስኩት» አለ። ሌላው «ምን እሱ፣ እኔ መቀመጫዬን ከዚያው አላነሳሁም» አለ። ሦስተኛው ሽንት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ሚስቱ በር ሰብራ እንዳወጣችው ተረከ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ነው የሚመስሉት። ሰው የሚኮራበት ሲያጣ በዚህም ይኮራል።

ነርሷ ያችው ናት። ሲስተር ነው የሚሏት። ወንበር ሰጠችኝና «አባባ፣ ባለፈው እንዴት እንደጠጡት ይንገሩኝ» አለች። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፦ አራቱንም በአንድ ማታ፣ በነጭ ባልዲ መፈተሼን፣ መጥራቱን፣ መስመሩን ዘግቼ መተኛቴን።

ሳቀች። ቀጥሎ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ አባቴ። ሥራዎ ምን ነበር?»

«ቧንቧ ሠራተኛ።»

«እንዲያ ነው! ይስሙኝማ። እርስዎ ያጠቡት ቧንቧ ቫልቩን ከዘጉት እስከ ጠዋት እንደጸዳ ያድራል። አንጀት ግን ቫልቭ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ምንም ባይበሉ ከላይ ሐሞትና ፈሳሽ ሲወርድ ያድራል። ማታ አሳምረው አጥበውታል፤ ባልዲው አልዋሸም። ምርመራው ግን ሲነጋ አራት ሰዓት ነበር። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ቀኝ በኩል ያለው፣ የመጨረሻው ጫፍ፣ እንደገና ተለቀለቀ። ንጋት ላይ ጠጡ የምንለው ያንን ለመጥረግ ነው። እንቅልፍ ልንነሳዎት አይደለም።»

የሚሠራ መስመር ነው የምትለው። በሥራ ላይ ያለ መስመር እንደቆመ መስመር አይታጠብም። ይህን ተለማማጅ እንኳ ያውቀዋል። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር? ሰውን እንዲህ አድርግ ብቻ ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ አይነግሩትም። ከዚያ አላደረገም ብለው ይጽፉበታል።

ይህን ነገርኳት። «እውነትዎን ነው» አለች። ክርክር ጠብቄ ነበር።

ቀጥላ ባለፈው የተነሳውን ሥዕል በኮምፒውተሩ አሳየችን። የራስን ውስጥ ማየት ደስ አይልም። «እነዚህን አዩአቸው?» አለች በእስክሪብቶዋ እየነካች።

«ሰሊጥ ነው» አልኩ።

«አይ፣ ሰሊጥ አይደለም። ሰሊጥ ጠፍጣፋ ነው፣ ያንሳል። እነዚህ ድብልብል ናቸው፣ ጠንካራ። ዘይቱን ነገር በልተው ነበር?»

ምራቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ታያለች። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ሥዕል ያየች አትመስልም።

«አላስታውስም» አልኩ።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከበራችን ስንደርስ ቆም ብላ የጓሮውን ዛፍ ቀና ብላ አየችው።

«ዘንድሮ ዘይቱኑን ወፎቹ ናቸው የጨረሱት። አይደል አባዬ?»

«ወፍ ምን ያውቃል» አልኳት።

«እሱስ» አለችና ገባች።

እሑድ 23

ለልጄ ልነግረው አስቤ ነበር። ደጅ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ አጠገቡ ቆምኩ። ስለ አውቶቡሱ ፍሬን ማውራት ጀመረ። ስለ ፍሬን ሲወራ ስለ ፍሬ ማንሳት አይመችም። ሄድኩ።

ከሚስቱ ጋር አሁንም በጥያቄና በመልስ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። ቁልፉ የት ነው። እዚያ። ውሃ አለ? አለ።

እሷም አልነገረችውም። ሦስት ቀን ጠብቄ ነበር። አንድ ቃል ብትል ነፃ ትወጣ ነበር። ምን አስባ ነው? ለኔ አዝና ከሆነ አልጠየቅኳትም። የማንንም እዝነት አልፈልግም።

ሰኞ 1

በዛ። ዛሬ ቀይ ብቻ አይደለም፤ ጠቆር ያለም አለበት። ለማንም አልነገርኩም። ልብሴን ራሴ አጠብኩ። በደንብ አልለቀቀም።

ረቡዕ 3

መጽሐፉን ደግሜ አነበብኩ። ስለ ጠቆረው የሚናገረው ከአሥራ አንድ ገጽ በኋላ ነው። ያኔ እስከዚያ አላነበብኩም ነበር። ለምን አላነበብኩም? መልሱን ስላገኘሁት መስሎኝ ነው የዘጋሁት። የልጄ እናትም «አንተ ካልክ እሺ» አለች። እኔ ስናገር ሰው ሁሉ እሺ ይላል። ይህ በሥራ ላይ ጥሩ ነበር።

አርብ 5

ቅባት ገዝቼላት ነበር። የኪንታሮት ቅባት። ስትሞት ግማሹ አልተነካም።

ሰኞ 8

የሦስት ቀኑ ምግብ ዛሬ ተጀመረ። ምራቴ ከስንት ጊዜ በኋላ እክፍሌ ገባች። ነጩን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ለሁለት ገመሰችው፣ ውስጡን ወደ ብርሃን አዙራ አሳየችኝ።

«ይፈትሹት አባዬ። ነጭ ባልዲ ላምጣ?»

«ቀልድ አልወድም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማመጣልዎት።»

ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ለጥፋዋለች። ቀይ መጠጥ አይፈቀድም፤ ካሜራው ደም ነው ብሎ ይሳሳታል። ጥቁር ሻይ ይፈቀዳል። ወተት አይፈቀድም። የተጠለለ ሾርባ ይፈቀዳል። ከታች በራሷ እጅ ጽሑፍ ጨምራለች፦ «ዛፍ ላይ ያለ ነገር ሁሉ።» አፍራለሁ ብላ ከሆነ ተሳስታለች።

አላነሳሁትም።

ረቡዕ 10

አሥራ ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያው ሊትር። ቀዝቅዞ ነው የመጣው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራዋለች። ሲቀዘቅዝ ሳሙናው ይቀንሳል።

አሥራ ሁለት ተኩል። ቀጭን ፕላስቲክ መምጠጫ አምጥታ በዚህ ይምጠጡት አለችኝ። የሕፃን ነገር። ወረወርኩት።

አንድ ሰዓት። አነሳሁት። ምላስን ስለሚያልፍ ጣዕሙ አይገኝም። ብልሃት አለው።

አንድ ተኩል። ጀመረ። ሌላ ልጽፍ አልችልም።

ሦስት ሰዓት። ሁለቱ ሊትር አልቋል። ባልዲው ቢጫና ጥርት ያለ ነው። አልታመንኩበትም። ባልዲ የሚናገረው ስለ አሁን ብቻ ነው።

ሐሙስ 11፣ ከሰዓት

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። ምራቴ ሁለተኛውን ጆግ ይዛ ገባች፣ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ሂጂ ተኚ» አልኳት። «ልኬት ልጠብቅ ነው» አለች፤ «ለልብስም ለውሃም ልኬት እወዳለሁ።» በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ትቀዳለች። ተመልሼ ስመጣ ብርጭቆው ሞልቶ ይጠብቀኛል። አንዴ አቅለሸለሸኝ፤ ፎጣ አቀበለችኝ፣ «አሥር ደቂቃ እንተወው» አለች፣ ሰዓቷን አየች፣ በአሥረኛው ደቂቃ ቀዳች። እንደዚህ ያለ ተለማማጅ በአርባ ሁለት ዓመት አላገኘሁም።

ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማማም እንዲህ ታጥበው ነበር?» አለችኝ። እሷ ስትመጣ የልጄ እናት በሕይወት አልነበረችም።

«አልታጠበችም። ምርመራ አልመጣችም።»

«ለምን?»

«ኪንታሮት ነው ተብላ ነበር።»

«ማን ነው ያላቸው?»

ብርጭቆውን አንስቼ እስከ ታች ጠጣሁት። መምጠጫውንም አልተጠቀምኩም።

እሷ ደግማ አልጠየቀችም። ብርጭቆውን ተቀበለችኝና «ደሙ እንደጨመረ አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ልብሱን እርስዎ ቢያጥቡትም ገመዱ ላይ የሚሰጣው እዚሁ ግቢ ነው። ዛሬ ለሐኪሙ ይነግሩታል። እርስዎ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።»

«ነገር አመላላሽ» አልኳት።

«አዎ» አለች። ቀዳች።

ነገርኩት። ለሐኪሙ በራሴ አፍ ነገርኩት።

ስነቃ ሲስተር ራስጌዬ ናት። ዛሬ መጋረጃውን አልፎ እስኪሰማ፣ ሆን ብላ፣ «አባቴ፣ እንደዚህ የጸዳ አላየንም!» አለች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ቀኝ በኩል፣ የመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ትርፍ ሥጋ አግኝቶ በሽቦ ቆርጦ አውጥቶታል። ባለፈው የተለቀለቀው ቦታ ላይ ማለት ነው። ምን እንደሆነ በናሙና ነው የሚታወቀው። ሁለት ሳምንት።

«ባይመለሱ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ሐኪም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለበት።

ሰኞ 15

ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል ይላሉ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ናሙና ሰጥቶ አልጠበቀም።

ቅዳሜ 20

ሬዲዮ ጢሜን ሲላጭ ምንም አልጠየቀኝም። ይህ ነው ያስፈራኝ። በምላጩ ብቻ ሠርቶ፣ አንገቴን ጠርጎ፣ «አይዞዎት ጋሼ» አለ። ምን አውቆ ነው? ማንም ምንም አያውቅም። ሰው ሲፈራ ጨዋ ይሆናል።

ልጄ ማታ ማታ ከሥራ እንደመጣ በሬ ላይ ቆሞ «ደህና ነህ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ዘይቱን የቀጠፍኩበትን ማክሰኞ አስቤ ነገሩን ጀምሬለት ነበር፤ «ያኔ እኮ…» ብዬ። «ተወው አባዬ፣ አሁን ስለሱ አታስብ፤ እሷ እንደሆነች ገብቷታል» አለኝ። ገብቷታል! ምን እንደገባት እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ቢነጋገሩ ይህች ስንጥቅ እየሰፋች ትሄዳለች። ስንጥቅ አውቃለሁ። ትንሽ ናት ተብላ በቀለም የምትሸፈነዋ ናት ቤት የምታፈርሰው።

ብሞት ምራቴ አማቷን ያሳመመች ተብላ ትቀራለች። እሷም አትናገርም፤ ዓይቻታለሁ። እስከ መቃብር ወፎቹ ናቸው ትላለች።

ሐሙስ 25

ውጤቱ ወጣ። ካንሰር አይደለም። ወደዚያ ሊለወጥ መንገድ የጀመረ ነበር፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተነቅሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ታጥቤ እመለሳለሁ። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ፦ «ሌላ ሁለት ዓመት ቢቆይ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።»

ምራቴ ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ሰው ሲተርፍ የሚያለቅስ ዘመን ላይ ደረስን።

ማታ ሦስታችንም ገበታ ላይ ነን። ልጄ ደስ ብሎት ብዙ ያወራል። ለእኔ ያወራል፤ ለእሷ ጨው አቀብዪኝ ብቻ። ጨው አቀበለችው።

«ሰሊጥ አልነበረም» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ልጄ።

«ያኔ። ዳቦው ላይ። ነጭ ዳቦ ነበር። እሷ ያለችው ልክ ነው።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ሚስቱን አያት። እሷ ሳህኗን አየች። ጆሮዎቹ ቀሉ፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር።

«አንተ እኮ ነህ…» አለኝ። «ታዲያ ፍሬው ከየት መጣ?»

ምራቴ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደሆነ አወቅኩ፤ ስለ እኔ ብላ ልትዋሽ ነው። ቀደምኳት።

«እራትህን ብላ» አልኩት።

በላ። ከዚያ ተነስቶ ሳህኖቹን ከእጇ ተቀበላት። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ሁለቱ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ምን እንደሚሉ አልሰማም፣ ጆሮዬንም አልጣልኩም። የሱ ድምፅ ነው ዝቅ ያለው።

ሰባ አራት ዓመት ለሞላው ሰው ዛሬ የተናገርኩት ይበቃል። ፍሬውን ማን እንደበላ፣ አራቱን ሊትር ማን በአንድ ማታ እንደጨረሰ፣ ለልጄ እናት ማን ምን ብሎ እንዳነበበላት የሚጠይቀኝ ቢመጣ በሩ ያውና። ለልጄም አልመልስም፣ ለእሷም አልመልስም፣ ለዚህ ደብተርም አልመልስም። ይህን ጉዳይ ከዛሬ ወዲያ በአፌ አላነሳውም።